ኮምፒዩተሩ ቢቀበለው ስካነሩስ ይቀበለዋል?

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ አጠገብ የጽሕፈት፣ የፕሪንትና የፎቶ ኮፒ ሥራ እሠራለሁ። ሦስት ኮምፒዩተሮች አሉኝ። አንደኛው ኮር አይ5 ሦስተኛ ትውልድ ዴስክቶፕ ነው፤ 4 ጊጋ ራምና ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ 10 አለው። ሁለተኛው ኮር አይ5 ስምንተኛ ትውልድ ላፕቶፕ ሲሆን 8 ጊጋ ራም፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲና ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ 10 አለው። ሦስተኛው ስካነሩ የተሰካበት አሮጌ ኮር 2 ዱዎ ነው፤ እስካሁን በዊንዶውስ 7 ነው የሚሠራው። ፕሪንተሬ ኤችፒ ሌዘርጄት 1020 ነው፤ ስካነሩ ደግሞ ከሲዲው ጋር የተገዛ የድሮ ዕቃ ነው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ አብቅቷል ሲባል ሰምቼ ሦስቱንም ወደ ዊንዶውስ 11 ለማሳደግ ባለሙያ ጠራሁ። እሱም ‹ራማቸውን 8 አድርጋቸው፣ ሁሉም ይቀበላሉ፤ ድራይቨሩን በአንድ ዲስክ እጭነዋለሁ› አለኝ። ላሳድጋቸው ወይስ ይቅርብኝ? ፕሪንተሩና ስካነሩስ ይሠሩልኛል?»

ምላሽ፦ ላፕቶፑን ያሳድጉት። ዴስክቶፑን ወደ ዊንዶውስ 11 አያሳድጉት፤ ለእሱ ሌላ መንገድ አለ፣ ከታች እመለስበታለሁ። ኮር 2 ዱዎውን ለጊዜው ባለበት ይተዉት፤ ነገር ግን ከዛሬ ጀምሮ ከኢንተርኔትም ከደንበኛ ፍላሽም ይለዩት። የተሰጠዎት ምክር ሁለት ስሕተቶች አሉበት። የመጀመሪያው የዊንዶውስ 11ን ጉዳይ የራም ጉዳይ ማድረጉ ነው። ሁለተኛውና የበለጠ የሚያሳስበኝ፣ ድራይቨርን ከየትም አምጥተው እንደሚሞሉት ነገር መቁጠሩ ነው።

በቅድሚያ «ድጋፉ አብቅቷል» የሚለው አነጋገር ምን ማለት እንደሆነ መታወቅ አለበት። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ነው። ዊንዶውስ 7 ደግሞ ከጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ድጋፍ የቀረ ነው። ድጋፍ አበቃ ማለት ማሽኑ በዚያ ቀን መሥራት ያቆማል ማለት አይደለም፤ ዎርዱም ይከፈታል፣ ፕሪንተሩም ያትማል። የሚቆመው አዲስ የሚገኙ የደኅንነት ክፍተቶችን የሚደፍነው ወርኃዊ እድሳት ነው። ይህ ኮምፒዩተሩን ለራሱ ብቻ ለሚጠቀም ሰው አንድ ነገር ነው፤ በቀን ብዙ ተማሪ ፍላሹን እየሰካ ሄዶ ሌላው ለሚተካበት ማተሚያ ቤት ግን ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። ፋይሎችን ደብቆ በምትካቸው አቋራጭ ምልክት የሚያስቀምጠውን ቫይረስ እርስዎም በሥራዎ እንደሚያውቁት አልጠራጠርም። እንዲህ ያለው ቫይረስ ከአንዱ ተማሪ ፍላሽ ወጥቶ ወደ ሌላው ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሻገረው እንደ እርስዎ ባለ ቤት ባለው ማሽን በኩል ነው። ስለዚህ ጥያቄዎ በወቅቱ የመጣ ነው፤ የተሰጠዎት መልስ ነው ያልሆነው።

አሁን ወደ ራሙ። ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው ዝቅተኛ ራም 4 ጊጋ ብቻ ስለሆነ በራም ረገድ ዴስክቶፑ ዛሬም ያልፋል። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሥርዓቱ ባለ 64 ቢት ከሆነና በማይክሮሶፍት ዝርዝር ውስጥ ከተካተተ ፕሮሰሰር በተጨማሪ 64 ጊጋ ማከማቻ፣ ሴኪዩር ቡት የሚባለውን የአነሣሥ ጥበቃ የሚችል ዩኢኤፍአይ (ማሽኑን የሚያስነሣው የውስጥ ፕሮግራም)፣ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍልና ዳይሬክትኤክስ 12ን የሚደግፍ የምስል ክፍል ይፈልጋል። ከኢንቴል ወገን ዝርዝሩ፣ ከጥቂት የሰባተኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮች በስተቀር፣ ከስምንተኛው ትውልድ ይጀምራል፤ ከኤኤምዲ ወገን ደግሞ ከራይዘን 2000 ተከታታይ። ሦስተኛው ትውልድ ኮር አይ5 በዝርዝሩ የለም፤ አብሮት የተሠራው የኢንቴል የምስል ክፍልም በዊንዶውስ ላይ ዳይሬክትኤክስ 12ን አይደግፍም። እነዚህን ራም አይተካቸውም። እንዲያውም ባለሙያው ሳያስተውለው ያለፈው አንድ ነገር አለ፦ አሁን በዴስክቶፑ ላይ ያለው ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ከ4 ጊጋ በላይ ራም መጠቀም አይችልም። ራሙን 8 ቢያደርጉትና ሌላ ነገር ሳይነኩ ቢተዉት ገንዘብ አውጥተው ለውጥ አያዩም።

«ማለፊያ መንገድ አለው» የሚልዎት ሰው አይጠፋም፤ እውነት ነው፣ አለው። የመጫኛውን ፍተሻ እንዲዘል አድርጎ ዊንዶውስ 11ን በሦስተኛ ትውልድ ማሽን ላይ መጫን ይቻላል። ይሁንና ማይክሮሶፍት መስፈርቱን ላላሟላ ማሽን እድሳት የመስጠት ግዴታ እንደሌለበት በግልጽ አሳውቋል። እርስዎ ወደ አዲሱ ሥርዓት መሄድ የፈለጉት ለእድሳቱ ሲሉ ከሆነ፣ እድሳቱን በሰው መልካም ፈቃድ ላይ የሚያንጠለጥል መንገድ ለሚተዳደሩበት ማሽን አይሆንም። ኮር 2 ዱዎው ዘንድ ደግሞ ማለፊያ መንገዱም ይዘጋል። 24ኤች2 የሚባለው የዊንዶውስ 11 እትም ፕሮሰሰሩ ውስጥ ሊኖሩ የሚገባቸውን፣ ኮር 2 ዱዎ ግን የሌሉትን የትእዛዝ ዓይነቶች ስለሚጠቀም ማሽኑ ጭራሽ አይነሣም። ይህ የፍተሻ ጉዳይ ሳይሆን የአቅም ጉዳይ ነው።

ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ድራይቨሩ እንምጣ። ድራይቨር በአንድ የተወሰነ ዕቃና በአንድ የተወሰነ ሥርዓት መካከል የሚቆም አስተርጓሚ ነው። የዕቃውን ቋንቋ ቢያውቅም የሥርዓቱን ካላወቀ አይጠቅምም። ለዚህ ነው «ድራይቨሩ አለኝ፣ ሲዲው እጄ ላይ ነው» ማለት ብቻውን በቂ የማይሆነው፤ ለየትኛው ዊንዶውስ የተጻፈ ነው፣ ባለ ስንት ቢት ነው ተብሎ መጠየቅ አለበት። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ለባለ 32 ቢት የተጻፈ ተራ ፕሮግራም ያሠራል፤ ባለ 32 ቢት ድራይቨር ግን በምንም መንገድ አይቀበልም፤ ምክንያቱም ድራይቨሩ የሚገባው ወደ ሥርዓቱ እምብርት ነው፣ እዚያ ደግሞ ሁለት ዓይነት አሠራር ጎን ለጎን አይኖርም። ዊንዶውስ 11 ባለ 32 ቢት እትም የለውም። በዚህም ላይ ባለ 64 ቢት ሥርዓቶች ዲጂታል ፊርማ የሌለውን ድራይቨር ይመልሳሉ። የድሮ ዕቃ ወደ አዲስ ሥርዓት ሲሄድ ከሁሉ በፊት የሚሰናከለው በእነዚህ ሁለት ነገሮች ነው።

ፕሪንተርዎ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው፤ ጠባዩን ግን ማወቅ ይኖርብዎታል። ሌዘርጄት 1020 ብዙውን ሥራ ለኮምፒዩተሩ የሚተው ዓይነት ማሽን ነው፤ ገጹን አሰናድቶ የሚልክለት ኮምፒዩተሩ ነው፣ እሱ ተቀብሎ ወረቀቱ ላይ ያሳርፋል። ከዚያም አልፎ የራሱን የውስጥ ፕሮግራም እንኳ በቋሚነት አይዝም፤ በተከፈተ ቁጥር ድራይቨሩ ከኮምፒዩተሩ ላይ ይጭንለታል። ስለዚህ ትክክለኛው ድራይቨር ከሌለ ጥራቱ ወይም ፍጥነቱ የሚቀንስ ሳይሆን፣ መብራቱ በርቶ፣ ኬብሉ ተሰክቶ፣ ምንም ሳያትም ዝም ብሎ የሚቀመጥ ፕሪንተር ነው የሚሆነው። ሰው ይህን አይቶ «ተበላሸ» ብሎ ለጠጋኝ ይወስደዋል፤ ያልተበላሸ ዕቃ ተፈትቶ ሲመለስ ያየሁት ከአንድ ጊዜ በላይ ነው። አምራቹ ለዚህ ሞዴል ባለ 64 ቢት ድራይቨር ስላዘጋጀለት ላፕቶፑ ላይ አሁንም እየሠራ ከሆነ ከእድገቱ በኋላም እንደሚሠራ እጠብቃለሁ። ቢያስቸግር መጀመሪያ የሚደረገው የቆየውን ድራይቨር አውጥቶ፣ ኬብሉን ነቅሎ፣ ከአምራቹ ገጽ የወረደውን እንደ አዲስ መጫንና ኬብሉን መጫኛው ሲጠይቅ ብቻ መሰካት ነው። ኬብሉ አስቀድሞ ከተሰካ ዊንዶውስ የመሰለውን ድራይቨር በራሱ ያስገባና ነገሩን ያወሳስበዋል።

ስካነሩ ግን ያሰጋኛል። የቤት ስካነር አምራቾች ሞዴሉን ከገበያ ሲያወጡ ድራይቨሩንም አብረው የመርሳት ልማድ አላቸው፤ እርስዎ ጋ ያለው ሲዲ በዊንዶውስ ኤክስፒ ወይም 7 ዘመን የተዘጋጀ ከሆነ በውስጡ ያለው ባለ 32 ቢት ብቻ ሊሆን ይችላል። ከመገመት ማየት ይሻላል። ስካነሩ አሁን በተሰካበት ማሽን ላይ የተሰኩትን ዕቃዎች የሚዘረዝረውን ዲቫይስ ማናጀርን ይክፈቱ፣ የስካነሩን ስም በቀኝ ቁልፍ ተጭነው ወደ ፕሮፐርቲስ ይግቡ፣ ዲቴይልስ በሚለው ገጽ ሐርድዌር አይዲ የሚለውን ይምረጡ። በዩኤስቢ የሚሰካ ዕቃ ከሆነ ቪአይዲና ፒአይዲ ከሚሉት ምልክቶች ቀጥሎ አራት አራት ሆሄያት ያያሉ፤ የመጀመሪያዎቹ አራቱ አምራቹን፣ ሁለተኛዎቹ ራሱን ሞዴሉን ይነግራሉ። ማሽኑ ውስጥ የተገጠመ ክፍል ከሆነ ደግሞ ቬንና ዴቭ የሚሉ ምልክቶች ናቸው ያሉት፤ ለምሳሌ ከቬን ቀጥሎ 8086 የሚል ካገኙ ክፍሉ የኢንቴል ነው፣ 1002 ከሆነ የኤኤምዲ ነው። ዕቃው ላይ የተለጠፈው ስም ቢፋቅም፣ ዊንዶውስ «ያልታወቀ ዕቃ» ብሎ ቢጫ ምልክት ቢያኖርበትም፣ ይህ ቁጥር አይዋሽም። ቁጥሩን በወረቀት ይጻፉና በአምራቹ የድጋፍ ገጽ ላይ ለዚያ ሞዴል ባለ 64 ቢት የዊንዶውስ 10 ወይም የ11 ድራይቨር መኖሩን ያረጋግጡ። ካለ ችግሩ አበቃ። ከሌለ የትኛውም ዲስክ አያመጣውም፤ ያልተጻፈ ድራይቨር ከጥቅል ውስጥ አይወጣም።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። «ሁሉም ድራይቨር በአንድ ዲስክ» የሚባለው ጥቅል ዕቃውን በሩቁ ገምቶ ተመሳሳይ የመሰለውን ይጭናል። አንዳንዴ ይሳካለታል። አንዳንዴ ግን የድምፅ ክፍሉን ያሠራና የላፕቶፑን የእንቅልፍ ሥርዓት ያበላሻል፤ በጎን ደግሞ ማንም ያልጠየቃቸውን ፕሮግራሞች ይለጥፋል። ምንጩ ካልታወቀ ዲስክ ወደ ሥርዓቱ እምብርት የሚገባ ሶፍትዌር መጫን፣ ደኅንነትን ለማሻሻል ተብሎ ለተጀመረ ሥራ የሚስማማ አይደለም። ድራይቨር ከሦስት ቦታ ይወሰዳል፦ ከዊንዶውስ አፕዴት፣ ከኮምፒዩተሩ አምራች ገጽ፣ ወይም ከክፍሉ አምራች ገጽ። ላፕቶፕ ከሆነ የኮምፒዩተሩ አምራች ይቀድማል፤ አንድ ዓይነት ዋይፋይ ካርድ በሁለት ላፕቶፖች ላይ ሲገጠም እንኳ የየራሱ ማስተካከያ ሊኖረው ይችላልና።

ሌላው የተለመደ አስተሳሰብ «ፎርማት ካልተደረገ ንጹሕ አይሆንም» የሚለው ነው። እንደ እርስዎ ላለ ሰው ግን ፎርማት ሳያደርጉ፣ ያለው ዊንዶውስ 10 ላይ ሆኖ ማሳደጉ የተሻለ ነው። የሚሠሩ ድራይቨሮች፣ ፕሮግራሞችና የፕሪንተር ቅንብሮች ይሻገራሉ፤ ነገሩ ባይጥምዎት ደግሞ በ10 ቀናት ውስጥ ከሴቲንግስ ወደ ቀድሞው መመለስ ይቻላል። በእነዚያ 10 ቀናት ቦታ ለማስለቀቅ ብለው የቀድሞውን ዊንዶውስ የያዘውን ፎልደር ካጠፉት ግን የመመለሻው በር ይዘጋል። ፎርማት አማራጭ የሚሆነው ማሽኑ በቫይረስ ከተበከለ ወይም ከ32 ቢት ወደ 64 ቢት መሻገር ካስፈለገ ነው፤ በኋለኛው ጊዜ ፎርማት ምርጫ ሳይሆን ግዴታ ነው፣ ባለ 32 ቢቱን በላዩ ላይ ማሳደግ አይቻልምና።

ፎርማት የግድ ሲሆን ሰው የሚረሳው የኔትወርክ ድራይቨሩን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከዘጌ አንድ መምህር ላፕቶፑን በጀልባ አምጥቶልኝ ነበር። ፎርማት አድርጌ፣ በኔትወርክ ኬብል አገናኝቼ፣ የጎደለውን ሁሉ አውርጄ መለስኩለት። ዋይፋዩን አልሞከርኩትም፤ ፕሪንተሩም ዘጌ ስለቀረ እሱንም አልሞከርኩትም። በማግስቱ ደወለ፦ ዋይፋዩ የለም፣ ፕሪንተሩም አይታይም። ድራይቨር እንዳያወርድ ኢንተርኔት የለውም፣ ኢንተርኔት እንዳያገኝ ድራይቨር የለውም። እኔ የሰዓታት ሥራ መስሎኝ የጨረስኩት ሰውየውን ሌላ የጀልባ ትኬትና አንድ የሥራ ቀን አስከፈለው። ከዚያ ወዲህ ማሽን ስቀበል ከማሽኑ ጋር የሚሠሩት ዕቃዎች በሙሉ አብረው እንዲመጡ እጠይቃለሁ፤ ማንኛውንም ነገር ከማጥፋቴ በፊት ደግሞ ያሉትን ድራይቨሮች ወደ ፍላሽ አወጣለሁ። ዊንዶውስ ራሱ ፒኤንፒዩቲል የሚባል ትእዛዝ አለው፤ በአስተዳዳሪ ፈቃድ በተከፈተ የትእዛዝ መስኮት ውስጥ ሲሠራ ከውጭ የተጫኑትን ድራይቨሮች በሙሉ አንድ ፎልደር ውስጥ ያወጣል። ከፎርማቱ በኋላ ዲቫይስ ማናጀርን ወደዚያ ፎልደር መምራት ይበቃል፤ እርግጥ የወጡት ድራይቨሮች የሚያገለግሉት ቢቱ ካልተለወጠ ነው። ለጭንቅ ቀን ደግሞ የአንድሮይድ ስልክ በዩኤስቢ ኬብል ተገናኝቶ ቴተሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት ማጋሪያው) ሲበራ ዊንዶውስ ያለ ተጨማሪ ድራይቨር እንደ ኔትወርክ ካርድ ያየዋል፤ ያን ጊዜ ይህን ባውቅ ኖሮ መምህሩን በስልክ እረዳው ነበር።

ላፕቶፑን ሲያሳድጉ እንዲህ ያድርጉ። በመጀመሪያ ፒሲ ሄልዝ ቼክ የሚባለውን የማይክሮሶፍት ፕሮግራም አውርደው ያስኪዱት። ስምንተኛ ትውልድ ሆኖ ሳለ «ቲፒኤም የለም» ቢልዎት አይደንግጡ፤ በዚህ ዘመን ማሽኖች ቲፒኤሙ ብዙውን ጊዜ ባዮስ በሚባለው የማሽኑ የማስነሻ ቅንብር ውስጥ ተዘግቶ የተቀመጠ ነው እንጂ የጠፋ አይደለም። በኢንቴል ማሽኖች ፒቲቲ፣ በኤኤምዲ ማሽኖች ኤፍቲፒኤም በሚል ስም ይገኛል። ማሽኑ በድሮው የአነሣሥ ዘዴ የተጫነ ከሆነ ደግሞ ዲስኩ ኤምቢአር ከሚባለው የድሮ አከፋፈል ጂፒቲ ወደሚባለው አዲሱ መለወጥ አለበት፤ ይህን ፋይል ሳያጠፋ የሚሠራ መሣሪያ ዊንዶውስ 10 ውስጥ አለ፣ ነገር ግን ፋይሎችዎ በሌላ ዲስክ ላይ ሳይገለበጡ አይንኩት። ሥራው ዩኢኤፍአይን ለማያውቅ ሰው የሚሰጥ አይደለም።

ባዮስ ከመንካትዎ በፊት ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ ጥበቃ፣ ቢትሎከር፣ በርቶ እንደሆነ ይመልከቱ። ዲስኩ ተቆልፎ ከሆነና የቲፒኤም ወይም የሴኪዩር ቡት ቅንብር ከተለወጠ፣ ማሽኑ ሲነሣ 48 አሃዝ ያለው የመመለሻ ቁልፍ ይጠይቃል፤ ቁልፉ ከሌለ በዲስኩ ላይ ያለው የደንበኛ ሥራ ሁሉ ከመቆለፊያው ውስጥ አይወጣም። ቁልፉን ወረቀት ላይ ጽፈው ያስቀምጡ፣ ጥበቃውንም ለጊዜው ያቋርጡት፣ ከዚያ ይቀጥሉ። በተለይ አዲስ የዊንዶውስ 11 ጭነት በማይክሮሶፍት አካውንት ሲጀመር ዲስኩን በራሱ ሊቆልፍ ስለሚችል፣ ይህ ጥንቃቄ ዛሬ ቢትሎከርን አብርተው ለማያውቁ ሰዎችም ያስፈልጋል።

የመብራቱን ነገር በከተማችን ላለ ሰው ማስታወስ ባያስፈልግም፣ ሁለት ነገሮችን መለየት ተገቢ ነው። የዊንዶውስ እድገት መሐል መብራት ቢጠፋ ብዙውን ጊዜ ሥርዓቱ ወደ ቀድሞው ይመለሳል፤ ጉዳቱ ጊዜ ነው። ባዮስ በሚታደስበት ቅጽበት ከጠፋ ግን ማሽኑ ጨርሶ ላይነሣ ይችላል፤ መፍትሔውም ቺፑን በልዩ መሣሪያ እንደገና መጻፍ ይሆናል። ላፕቶፑን ባትሪውን ሞልተው፣ ቻርጀሩም ተሰክቶ፣ የክረምቱ ነጎድጓድ በሌለበት ሰዓት ይጀምሩ። ባዮሱ አሁን በደንብ የሚሠራና ቲፒኤሙን የሚያሳይ ከሆነ ደግሞ አያድሱት፤ ምክንያት የሌለው የባዮስ እድሳት አያስፈልግዎትም። የመጫኛው ፋይል ከ5 ጊጋ ባይት በላይ ስለሆነ በሞባይል ጥቅል ከማውረድ ይልቅ ጥሩ መስመር ባለበት ቦታ አንድ ጊዜ በፍላሽ ይያዙት።

ከእድገቱ በኋላ ስክሪኑ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ተለቅ ብሎ፣ መስኮቱን ሲጎትቱት እየተንቀራፈፈ ካዩት ማሽኑ አቅም አነሰው ማለት አይደለም፤ የምስል ድራይቨሩ ጎድሎ ዊንዶውስ በራሱ ተጠባባቂ ድራይቨር እየሠራ ነው። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» የሚል ስም ያያሉ። ትክክለኛው ሲገባ ወዲያው ይስተካከላል። የአማርኛ ሰነዶችም ቅርጻቸው ተለውጦ ገጹ ቢገፋ ተጠያቂው ፕሪንተሩ አይደለም፤ ኒያላ የተባለው ፎንት ከዊንዶውስ 10 ወዲህ በአማራጭ ክፍል ውስጥ ስለተቀመጠ፣ በተለይ ከአዲስ ጭነት በኋላ፣ ኦፕሽናል ፊቸርስ ከሚለው ቦታ የኢትዮጵያ ፎንቶችን ማከል ይጠይቃል። አምሳ ገጽ ሆኖ የመጣ የመመረቂያ ጽሑፍ አምሳ ሦስት ገጽ ሆኖ ከታተመ በኋላ ይህን ከማወቅ፣ ቀድሞ ማወቁ ከተማሪው ጋር ከመጣላት ያድናል።

ዴስክቶፑን በተመለከተ ገንዘብዎን በራሙ ላይ ብቻ አያፍስሱት። ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ይለውጡ፤ በዚህ ዕድሜ ላይ ላለ ማሽን ከራም የበለጠ የሚሰማ ለውጥ የሚያመጣው እሱ ነው። ከዚያ ባለ 64 ቢት ሥርዓት ይጫንበት፤ ራሙ 8 ቢሆን የሚጠቅመውም ያን ጊዜ ነው። የትኛው ሥርዓት? ለአጭር ጊዜ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ 10 ይሁን፤ 22ኤች2 የሚባለው እትም ላይ ያለ የግል ተጠቃሚ የተራዘመ የደኅንነት እድሳት እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ድረስ ማግኘት ይችላል፤ በማይክሮሶፍት አካውንት ገብቶ ቅንብሮቹን ማመሳሰል ያለ ክፍያ ከሚያስመዘግቡት መንገዶች አንዱ ነው። ይህ መንገድ መሸጋገሪያ እንጂ መኖሪያ አይደለም። ከዚያ በኋላ ለማሽኑ የምመክረው በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነውን ሊኑክስ ሚንት የተባለ ሥርዓት ነው። አብዛኛው የሊኑክስ ድራይቨር ከሥርዓቱ ጋር አብሮ ስለሚመጣ በዚህ ዕድሜ ላሉ ማሽኖች ከዊንዶውስ ይልቅ የሚመቸው እሱ ነው፤ ሌዘርጄት 1020ም ይሠራበታል፣ ነገር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲዘጋጅ ተጨማሪ የኤችፒ ክፍል ከኢንተርኔት ማውረድ ይፈልጋል። ገደቡንም ልንገርዎት፦ ማይክሮሶፍት ዎርድ በሊኑክስ ላይ አይጫንም፤ ሊብሬኦፊስ የዎርድን ሰነድ ቢከፍትም የገጽ አሰላለፉን ሁልጊዜ እንደነበረ አይጠብቅም። ስለዚህ የደንበኛ ዎርድ ሰነድ የሚታተመው ከላፕቶፑ ይሁን፤ ዴስክቶፑ ለፒዲኤፍ፣ ለትየባና ለኢንተርኔት ይዋል።

ሊኑክስ ለስካነሩም ተስፋ ሊሆን ይችላል። ሴን የሚባለው የሊኑክስ የስካነር ፕሮጀክት አምራቾቻቸው የተዉአቸውን ብዙ የቆዩ ስካነሮች ይደግፋል። ይህን ለማወቅ ምንም መጫን አያስፈልግም፦ ሊኑክስ ሚንትን ፍላሽ ላይ አዘጋጅተው ዴስክቶፑን ከፍላሹ ያስነሡ፣ ስካነሩን ይሰኩ፣ አንድ ገጽ ይሞክሩ። ዲስኩ አይነካም፤ ፍላሹን ነቅለው ማሽኑን ሲያስነሡ ዊንዶውሱ እንደነበረ ነው። ሙከራው ከተሳካ ስካነሩ ወደ ዴስክቶፑ ይዛወርና ኮር 2 ዱዎው ጡረታ ይወጣል። ካልተሳካ ኮር 2 ዱዎው ስካነር ብቻ ሆኖ ይቀጥል፤ የኔትወርክ ኬብሉ ይነቀል፣ ዋይፋይ ካለው ይዘጋ፣ ስካን የተደረገውን ፋይል ወደ ላፕቶፑ የሚያሻግር አንድ የቤቱ ፍላሽ ብቻ ይመደብለት፣ ያም ፍላሽ የደንበኛ ማሽን ላይ አይሰካ። በዚህ ሁኔታ ዊንዶውስ 7 አደጋው ጠባብ ነው፤ ከኢንተርኔት ጋር ከተገናኘ ግን አንድ ቀንም አይታመንም።

ቅደም ተከተሉን እንዲህ ያድርጉት። የመመረቂያ ጽሑፍ በሚታተምበት ሰሞን ምንም አይንኩ። ሰልፉ ሲያልቅ መጀመሪያ የስካነሩን ሙከራ ያድርጉ፣ ቀጥሎ ላፕቶፑን ያሳድጉና 10 ቀን ሙሉ ሥራ ያሠሩት፤ በእነዚያ ቀናት ላፕቶፑ ቢያስቸግር በአሮጌው ዴስክቶፕ ያትማሉ። ላፕቶፑ ፕሪንተሩን ሳያስቸግር ከዘለቀ ብቻ ዴስክቶፑን ይክፈቱ። ሦስቱንም በአንድ ቀን ልጨርስልዎት የሚል ባለሙያ ከመጣ፣ አንደኛው እንኳ ባይነሣ በማግስቱ ጠዋት በምን እንደሚያትሙ ይጠይቁት።